የመጀመሪያው ጠርሙስ

እዮብን «በርሜል» ያለው የክፍሉ ልጅ ኤሊ ነው። ረቡዕ ቀን፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ። መምህሩ ሜዳውን ዙሩ ብሎ ልጆቹ ሁሉ ዞረው ሲመለሱ፣ እዮብ ገና ማዶ ነበር፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ። ኤሊ ሁለት እጁን እንደ ጥሩምባ አፉ ላይ አድርጎ፣ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ! በርሜሉ እየተንከባለለ ነው!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹም ሴቶቹም ሳቁ። መምህሩም ሳቀ፤ ከዚያ ሳል የያዘው አስመስሎ አፉን ሸፈነ።

እዮብ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። ስድስተኛ ክፍል እያለ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ «ይሄስ የሁለት ልጅ ጨርቅ ይበላል» ማለቱን ያስታውሳል። የፋሲካ ዕለት የአጎቱ ሚስት ጉንጩን ቆንጥጣ፣ «ይሄ በሬ ለበዓሉ አይታረድም?» ማለቷን ያስታውሳል፤ የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ ሳይቀር። ተናጋሪዎቹ ረስተውት ይሆናል። ከኤሊ ጋር ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። ኤሊ መዘምር ነው፤ እሑድ እሑድ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ፍቅር ይዘምራል።

በዚያው ሳምንት ከጤና ጣቢያ የመጡ ሰዎች ተማሪዎቹን መዘኑ። እዮብ ተራው እንዳይደርስ መጨረሻ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ደረሰ። ሲስተር ሐፍሳ የምትባለው ነርስ ሚዛኑን አየች። አልሳቀችም፤ ቅንድቧንም አላነሳችም። እዮብ እውነቱን እንዲነግራት ያደረገው ይሄ ነው።

«በቀን ምን ምን ትጠጣለህ?»

«ውሃ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

ጠዋት ሻይ፣ ያውም ስኳሩ ታች የሚዘቅጥ። በእረፍት ሰዓት ለስላሳ። ማታ ከእራት ጋር ደግሞ ለስላሳ፤ ቤታቸውና የአባቱ ሱቅ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ ፍሪጁም ተቆልፎ አያውቅም። «አሁን ግን ልቀንስ ብዬ ጁስ ጀምሬያለሁ» አለ። «ማንጎና አቮካዶ። ፍራፍሬ ነው።»

«ላዩ ላይ ቀይ ነገር ያፈሱልሃል?»

«ሲረፑን? አዎ። ያለሱ አይጥምም።»

«ስኳርስ?»

«እሱማ ሲፈጩት ነው የሚጨምሩት።»

«ማልትስ?»

«ማልት ደም ይሆናል» አለ እዮብ። አባቱ የሚለውን ነው የደገመው።

ሲስተር ሐፍሳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስማኝ ወንድሜ። ቆጮህን ብላ፣ ዳቦህን ብላ፤ ለጊዜው ምግብህን አልነካብህም። የምትጠጣውን ስኳር ግን ተወው። ማንጎ ካማረህ በጥርስህ ብላው፤ ስኳር የገባበት ጁስ ከለስላሳ አይሻልም። ማልቱም ያው ነው። ውሃ ጠጣ። የሻይህን ስኳር ቀስ እያልክ ቀንስ። ደግሞ እዚሁ አገራችሁ ሸፎሮ አለላችሁ፤ ከቡና ገለባ የሚፈላ፣ ስኳር የማይገባበት። ጨው ካላበዙበት ምን አለው?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቤታችሁ ውስጥ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አለ እዮብ።

ዋሸ። አባቱ ወርቅነህ ስኳር አለበት። ይሄን ደግሞ መናገር አይቻልም፤ ምክንያቱም አባቱ ተፈውሻለሁ ብሎ መስክሯል።

ወርቅነህ ድሮ ቦርዴ ጠጪ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጠጪ ነበር፤ ጠጥቶ ሲገባ ልጅ አልጋ ስር ይገባል፣ ሚስት ጎረቤት ትሄዳለች። ከዚያ ጌታን ተቀበለ፤ እንስራውን ከነቦርዴው ደጅ አውጥቶ ደፋው፤ በምትኩ አንድ ሳጥን ለስላሳ ገዝቶ ገባ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ውስጥ ከዚያ ቀን ወዲህ ዱላ የለም። ኋላ ሆስፒታል ስኳር አለብህ ሲሉት ተጸለየለት፤ በነጋታው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ «ተፈውሻለሁ» አለ። የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ራሳቸው፣ «ወንድም ወርቅነህ፣ መድኃኒቱንም እንዳትተው» ብለውት ነበር። ሕዝቡ እልል ሲል አልሰማ ይሆናል፤ ወይም መስማት አልፈለገም። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት የሚጠጣት እያንዳንዷ ለስላሳ ምስክርነት ናት። «እዩኝ፣ ምን ሆንኩ?» ይላል ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ።

የሆነውን እዮብ ያውቃል። የአባቱ የግራ እግር አውራ ጣት ላይ የወጣች ቁስል ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ወጥታ ዝናቡ ሲያበቃም አልዳነችም። እናቱ ውባየሁ በሩን ዘግታ በጨው ውሃ ታጥባለች። ሽታው ግን በር አያግደውም። አባቱ በዚህ ሙቀት ካልሲ አድርጎ ነው ሱቅ የሚቆመው።

እዮብ መክሳት የፈለገው መጀመሪያ በኤሊ ምክንያት ነበር። ከሲስተሯ ጥያቄ በኋላ ግን ገላውን ሲታጠብ የገዛ እግሩን ጣቶች እየለየ ማየት ጀመረ።

ጁሱን ተወ። ለስላሳውን ተወ፤ እሱ ከበደ፤ በእረፍት ሰዓት እጁ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ሻይ ቤት ገብቶ «ያለ ስኳር» ሲል ኤሊ ከማዶ ጠረጴዛ ሰማው።

«ምነው ፍሬንድ፣ እንደ ሼባዎቹ ስኳር ያዘህ እንዴ?»

እዮብ የሻይ ቤቱን ሻይ በዚያው ተወ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በነሪ ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ አክስቱ ጋ ሄደ።

ውባንቺ የአባቱ ታናሽ እህት ናት። ከመንገዱ ዳር ባለች ቤቷ፣ በቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ከአሪ ቀበሌዎች እንሰትና ቅመም ይዘው ለሚወርዱ ሰዎች ሸፎሮ ታፈላለች። ወርቅነህ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ቤቷን ረግጦ አያውቅም። ጠቡ በቡናው ገለባ አይደለም። እሷ ቤት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ሸፎሮውን ከቅል ተጎንጭተው በሰው ላይ እፍ ብለው ይረጩና ይመርቃሉ። ይሄ ለወርቅነህ ባዕድ አምልኮ ነው፤ ከቦርዴው ጋር ደጅ የደፋው ነገር።

«አባትህ ልኮህ ነው?» አለች ውባንቺ ስታየው።

«አይ።»

«ታዲያ?»

«ሸፎሮ ልጠጣ።»

«ሱቅ ሙሉ ለስላሳ እያላችሁ?»

«ልቀንስ ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ምኑን?»

እዮብ ሆዱን ነካ አደረገ። ውባንቺ ሳቀች፤ ግን የሚያቆስል ሳቅ አልነበረም። «ጉድ እኮ ነው! እኛ እንዳንከሳ እንጨነቃለን፣ እናንተ ከተሜዎቹ አልከሳንም ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ቁጭ በል።»

ትኩሱን ሸፎሮ በቅል ሰጠችው። ዝንጅብልና ጤና አዳም ነበረበት፤ ጨው እንድትቀንስለት ሲለምናት «ምን ያለ ጣጣ ነው!» ብላ ቀነሰችለት። የመጀመሪያው ጉንጭ አላስደሰተውም። በሁለተኛው ቀን ግን እግሩ ራሱ ወሰደው። እንዲህ እያለ ለመደ። ጠዋት ውሃ ይጠጣል፣ ቀን ውሃ ይጠጣል፣ ከትምህርት መልስ አክስቱ ጋ። የዝናቡ ጭቃ ደርቆ አቧራ መነሳት ሲጀምር ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ገባ። ሜዳ ሲዞሩ አሁንም መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው፤ አፉን ዘግቶ ግን ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው የለም። ሰው የሚያየው ሌላ ነው።

አንድ ቀን አክስቱ ጋ ሲጠጣ፣ ከላይ ቀበሌ የወረዱ አንድ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ውባንቺ በአሪኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከቅሉ ተጎነጩና እፍ አሉበት፤ ፊቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዙ ላይ። ደግሞም እጃቸውን እያወዛወዙ ብዙ ተናገሩ። እዮብ አሪኛ ይሰማል፤ የሽማግሌ አሪኛ ግን ግማሹ ያመልጠዋል።

«ምን አሉ?»

«ገላህ ይለምልም አሉ። ጉልበትህ ይጽና፣ እግርህ ይቅናልህ።»

እዮብ ሸሚዙን መጥረግ ነበረበት። አልጠረገም። ስለ ገላው ሰው ክፉ ሲናገር እንጂ ደግ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግ አላወቀም፤ ቡናማው ነጠብጣብ ሸሚዙ ላይ እስኪደርቅ ተቀመጠ።

ቀና ሲል መንገዱ ላይ ባጃጅ ቆሟል። ኤሊ ከኋላ ወንበር አንገቱን አውጥቶ፣ ስልኩን እንደያዘ።

«ወንድም እዮብ!» አለ፤ ወንድም የምትለዋን ረገጥ አድርጎ። «ተረጨህ አይደል? ተባረክ!»

ፎቶው ከኤሊ ቀድሞ ከተማ ገባ።

አባቱ ሱቅ ውስጥ፣ ከፍሪጁ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። የሚገዛ ሰው አልነበረም።

«ረጩብህ?»

«ሸፎሮ ልጠጣ ነው የሄድኩት፣ አባ።»

«ረጩብህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

«ዝም አልክ?»

«መረቁኝ እንጂ ምንም አላደረጉኝም። ሲስተሯ ናት ስኳር ያለው ነገር ተው ያለችኝ። እኔም…»

«የምን ስኳር? በዚህ ቤት የዚያን ነገር ስም እንዳልሰማ!» አባቱ ባንኮኒውን መታ፤ ሚዛኑ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ደከመው መሰለ፤ ክብደቱን ወደ ቀኝ እግሩ አዞረ። «ለዚህ ነው እንስራ የደፋሁት? ልጄ ሄዶ እዚያው ጭቃ ላይ ሊቀመጥ? ስማ። እሑድ ምስጋናችን ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ እንደ ወትሮው አንተ ትጠጣለህ። ሕዝብ ያይሃል፤ የተወራው ይጠፋል። በቃ፣ ያልቃል።»

የመጀመሪያው ጠርሙስ የቤታቸው ሥርዓት ነው። በቦርዴው ዘመን፣ መጠጡ ለእንግዳ ከመሰጠቱ በፊት ቤተሰብ ይቀምሰዋል፤ መርዝ የለበትም ለማለት። ወርቅነህ ያስቀምስ የነበረው እዮብን ነበር፤ ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል። ከዳነ በኋላ የመጠጡን ዓይነት ብቻ ለወጠ። ጌታን የተቀበለበት ቀን በየዓመቱ ሲደርስ ሰው ይጠራል፣ ለስላሳ ይደረደራል፣ የመጀመሪያውን ልጁ ሕዝብ ፊት ይጠጣል። ሁለተኛውን አባት። ከዚያ ሁሉም።

ቅዳሜ ቀን እናቱ ጠርሙሶቹን ስታጥብ እዮብ እየተቀበለ ይደረድር ነበር።

«አንድ ጠርሙስ ነው፣ ልጄ» አለችው ቀና ሳትል። «አንድ ጠርሙስ ሰው አያወፍርም።»

እውነቷን ነበር። እዮብም ያውቃል።

«እሱስ?» አለ። «እኔ ከጠጣሁ ቀጥሎ እሱ ነው የሚጠጣው።»

እናቱ ጠርሙሱን ደጋግማ አለቀለቀች፤ ከታጠበ ቆይቷል። «ትናንት ካልሲውን ሳወልቅለት ከቆዳው ጋር መጣ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ግን አትናገር። ሰው ፊት አታዋርደው። ከተዋረደ ይጠጣል። የቱን እንደሚጠጣ ታውቃለህ።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢያቸው በሸራ ድንኳን ስር ሞላ። መዘምራኑ ነበሩ፤ ኤሊም በመሃል። ወርቅነህ ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ ቆመ። ያ እግር ጫማ ውስጥ እንዴት እንደገባ እዮብ አልገባውም። ምስክርነቱን ተናገረ፤ ስለ ቦርዴው፣ ስለ ደፋው እንስራ፣ ስለ ስኳሩ። «ሐኪም ከሙታን ቆጥሮኝ ነበር፤ እዩኝ፣ ምን ሆንኩ?» ሲል ሕዝቡ «ሃሌሉያ!» አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

ከዚያ መክፈቻውን አንስቶ ብርቱካናማውን ከፈተና ለልጁ ዘረጋ። «ጠጣ። ይዩህ።»

ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ነበር። እዮብ ተቀበለው። ምራቁ መጣ፤ ይሄ ነው ያናደደው፣ አፉ አሁንም መፈለጉ። ሰው ሁሉ አፉን ያያል። አባቱ ቀጥሎ የሚጠጣውን ጠርሙስ በግራ እጁ ይዟል።

«አባ፣ እኔ ውሃ ልጠጣ» አለ እዮብ። «አንተም ውሃ ጠጣ። አብረን እንጠጣ።»

አንዲት ሴት «ኢየሱስ!» አለች። ከመዘምራኑ በኩል፣ «ሸፎሮ አምጡለት» የሚል ሹክሹክታ መጣ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ እዮብ ማየት አላስፈለገውም። አንዳንዱ ሳቁን በነጠላ ሸፈነ።

መሪው ብድግ አሉ። «ወንድም ወርቅነህ፣ ልጁ ካላሰኘው ይቅር። ውሃም የጌታ ነው።»

ደግ ሰው ናቸው። ለወርቅነህ ግን ከስድብ የባሰው ይሄ ነበር፤ ሕዝብ ፊት «ይቅር» መባል። እያነከሰ ወደ ልጁ ተጠጋ፤ ማንከሱን በፈገግታ ሊሸፍን እየሞከረ። ሽታው ቀድሞት መጣ።

«ቦርዴ ስጠጣ ታፍርብኝ ነበር» አለ፤ ለእዮብ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ተውኩልህ። አሁን ደግሞ ምኔን ልተውልህ?»

እዮብ ወደ አባቱ ጫማ አየ። ሊለው የሚችለው ነገር ነበር፤ ጮክ ብሎ፣ ኤሊም ሴቶቹም መሪውም እየሰሙ። ጫማህን አውልቅ ቢለው ይበቃ ነበር። በሕይወቱ የሰው ሁሉ ሳቅ ወደ እሱ ሲመጣ ኖሯል፤ አሁን ወደ ሌላ ሰው ማዞር ይችላል። አባቱም ይሄን ያወቀ መሰለ፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ታየ፤ ፍርሃቱ ወዲያው ቁጣ ሆነ።

«ሂድ!» አለ፤ አሁን ሁሉም ሰማ። «ይሄ ሆድ እዚህ ቤት ነው የሞላው! የሞላበትን ቤት ተጸየፈው! ሂድ፣ እዚያ ከሚረጩብህ ጋር ኑር! እኔ ልጅ የለኝም!»

እናቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ሁለት እጇ አፏ ላይ።

እዮብ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ፣ እስከ አንገቱ ሙሉ እንደሆነ። ከዚያ በወንበሮቹ መሃል ወጣ። መንገድ ለመልቀቅ ጉልበቱን የሰበሰበ ሰው ነበር፤ ያልሰበሰበም ነበር። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ከኋላው ሌላ ቆርኪ ሲከፈት ሰማ። ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ አንድ ሰው ጠርሙስ ቀና አድርጎ እስኪጨርስ የሚቆይ ዝምታ። ከዚያ «ሃሌሉያ!» አለ ሕዝቡ፤ ጭብጨባው ሸራውን አራገበው።

«አያችሁኝ?» ይላል አባቱ። «እዮብ! አየኸኝ?»

እዮብ አልዞረም። መልሱ አፉ ውስጥ ነበር። አፉን እንደዘጋ መንገዱን ተሻገረ።